«ጥፋቱ የኔ አይደለም» የሚል ሰው ምን ሊታረም ይመጣል?

«ወህኒ ቤት» የሚለው ስም ቀርቶ «ማረሚያ ቤት» ከተባለ ቆየ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ቅጣትን መገደብን፣ የግዴታ ሥራን፣ በአመክሮ መፈታትን ይፈቅዳል። የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ ጠባዩን ያሻሻለና የበደለውን በአቅሙ የካሰ ታራሚ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። መልካም! ከበሩ ውጭስ ማን ያርመዋል?

አንድ ሰው ከደብረ ብርሃን ማረሚያ ቤት ወጥቶ ወደ አንኮበር ተመለሰ እንበል። ምክርና ሥልጠና ተከታተል ተባለ። ሁለት ሳምንት መጣ፣ በሦስተኛው ቀረ። መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። «ዋልጌ ነው፣ አይረባም» ይባላል።

ይህ ፍርድ ስህተት ነው። ሳይክስ እና ማትዛ የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች በ1957 እ.ኤ.አ. የአጥፊን ማመካኛ በአምስት ከፍለው አሳይተዋል፦ «ጥፋቱ የኔ አይደለም»፣ «ማንም አልተጎዳም»፣ «የእጁን ነው ያገኘው»፣ «ፈራጆቹስ ማን ሆኑና?»፣ «ለወገኔ ብዬ ነው»። ለሸዋ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ደም የተቃባ ሰው «የወንድሜን ደም መለስኩ» ይላል እንጂ «ነፍስ አጠፋሁ» አይልም። ሌላው ደግሞ ሁሉን በሰይጣን ያላክካል።

እንዲህ ለሚያስብ ሰው ምክር ሁለተኛ ቅጣት ነው። አሠልጣኙ ትንሽ ቆጣ ሲል «ድሮም ይጠሉኛል» ብሎ ይወጣል። ወንጀል ውስጥ የከተተው ሐሳብ ያው ራሱ ከሥልጠናውም ያስወጣዋል። በሌላው ዓለም የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ቶሎ የሚያቋርጡት ለዳግም ወንጀል ይበልጥ የተጋለጡት ናቸው። ታዲያ አቋራጩን ማባረር በሽተኛውን ስለተኮሰው ከሐኪም ቤት ማስወጣት አይደለምን?

«ሥራ ስጡት፣ ሐሳቡ ራሱ ይቃናል» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የትራንስፖርት ከፍሎ የቀን ገቢውን የሚያጣ ሰው እውነተኛ ምክንያት አለው። እውነተኛው ችግር ግን ለሐሰተኛው ማመካኛ ጉልበት ይሰጠዋል። የአለቃን ቁጣ እንደ ንቀት የሚቆጥር ሰው ሥራውንም ጥሎ ይወጣል።

ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ይህን ያውቁታል፤ መጀመሪያ እመን፣ ከዚያ ካሳ፣ ከዚያ እርቅ። ሽምግልና የራሱ ጉድለት አለው፤ የሴቶችን በደል ሸፍኖ ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው።

ስለዚህ ከሙያ ሥልጠናው በፊት ሐሳቡ ይነካ። ምክሩ ቀበሌው ድረስ ይውረድ። በቀረበት በመጀመሪያው ቀን በሩን የሚያንኳኳ ሰው ይመደብ። የቆዩትን ብቻ ቆጥሮ «ውጤታማ ነን» የሚል ሪፖርትም ይብቃ፤ እውነተኛው መለኪያ ሊሄዱ ተነሥተው የተመለሱት ናቸው።