ፎቶውን አይተናል፤ ያመጣኸው የታለ?

ወገን፣ ይሄን ልብ በል! እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የሐምፍሬይ ፌሎውሺፕ ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎችን ከየአገሩ መርጦ ለአሥር ወር ገደማ አሜሪካ ይወስዳል። ዲግሪ አይሰጥም፤ የሚገኘው ትምህርት፣ ልምድና ትውውቅ ነው። ከፋዩ የአሜሪካ መንግሥት ነው። በነጻ የሚያበላህ የለም፤ ለአገራቸው ወዳጅ እያፈሩ ነው። ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ የኛ ነው፦ እነሱ ዓላማ ይዘው ሲጠሩን እኛ ሻንጣ ብቻ ይዘን መሄዳችን!

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በመልእክተኝነት ጃፓን ሄዱ። ያዩትን ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ለወገናቸው ጻፉ። ጃፓኖቹም ራሳቸው በ1871 ሹማምንታቸውን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ልከው ነበር። እነዚያ ሰዎች ፋብሪካውንና ትምህርት ቤቱን መርምረው ተመለሱ፤ አገር ሠሩ።

አንተስ? አንቺስ? የቪዛው ደንብ እንኳ «ሁለት ዓመት አገርህ ተቀመጥ» ይላል። አካል ብቻ ቢመለስ ግን ምን ዋጋ አለው? እንግዲህ ለተመላሹ «እንኳን ደስ አለህ» ብለን ላይክ ሰጥተን አንለፍ። «ምን ይዘህ መጣህ?» እንበለው! ካልጻፈ፣ ካላስተማረ፣ መሥሪያ ቤቱን ካልቀየረ፣ ጉዞው የግል ሽርሽር ነበር።