ፍጻሜ ስለሌለው ፍጻሜ

የተከታታይ ድራማ ምዕራፍ በተዘጋ ማግሥት በቢቸናም በሞጣም የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጥይቱ ማንን መታ? መልሱ ግን በሚመጣው ምዕራፍ ነው ይባላል።

ለዚህ ልማድ ጠበቃ የቆሙ የተማሩ ሰዎች «ቅኔም እኮ ወርቁን ይሰውራል፤ ድራማው ምሥጢሩን ቢሰውር ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ቃሉ ለጆሮ ያምራል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም። የቅኔ ወርቅ ቢሰወርም በሰሙ ውስጥ አለና፥ ባለቅኔው ተናግሮ ሲጨርስ የቀረው የሰሚው ድካም ብቻ ነው። ቤቱ ሳይሞላ «የቀረውን ለከርሞ» ብሎ የሚቀመጥ ደቀ መዝሙር ቢገኝ፥ መምህሩ ምን እንደሚመልስለት ጉባኤ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ነው። (በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን በስም ቢመስለውም፥ ወደ አማርኛ የመለሳቸው የባዕድ ድራማዎች ስንት ወር እንደሚፈጁ ተመልካቹ ይመስክር።) የምዕራፉ ፍጻሜ ግን ሰሙን አቅርቦ ወርቁን ገና አልሠራውም።

ይህ ሐሜት እንዳይመስል የልማዱን ታላቅ አባት መመልከት ይበቃል። ዳላስ በተባለው የአሜሪካ የቤተ ሰብ ድራማ ጄ. አር. የተባለው ክፉ ባለጸጋ መጋቢት 12 ቀን 1972 ዓ.ም. በጥይት ተመታ። መቺው የታወቀው ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው፤ ከመጋቢት ሚካኤል እስከ ኅዳር ሚካኤል፥ ስምንት ወር ሙሉ መሆኑ ነው። አዘጋጆቹም ጣቢያው ተጨማሪ ክፍሎች ስላዘዛቸው አስቀድመው ሰውየውን አስመቱ፤ መቺውን ኋላ ፈለጉለት። ከዚህ የከፋም አለ። በ1977 ዓ.ም. ወንድሙ ቦቢ ሞተ፤ ተመልካች አለቀሰለት። ተዋናዩ ሊመለስ በፈቀደ ጊዜ ግን ያ ሞትና ዓመቱን ሙሉ የታየው ታሪክ ሁሉ ያፈቀራት ሴት ሕልም ነበረ ተባለ። አርባው ሰማንያው አልፎ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሟቹ በገላ መታጠቢያ ተገኘ! ለቅሶ የደረሰ ሰው እንዲህ ቢደረግበት ባለቤቱን አይከስምን?

መጠበቅ ራሱ ነውር አይደለም። ቢቸና አጠገብ ያለችውን ዲማን በታሪኩ ያስገባው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከፋፍሎ ሲተርከው አድማጭ ቀኑን ቈጥሮ ይጠብቅ ነበር። ሆኖም መጽሐፉ አስቀድሞ ተፈጽሞ ነበርና የተጠበቀው እውነተኛ ፍጻሜ ነው። አድማጭ በዛ ተብሎ በዛብህ ከመቃብር አልተነሣም፤ ሰብለ ወንጌልም ምንኵስናዋን ሕልም ነው አላለችም። በቴሌቪዥንም ቢሆን አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የተጫወተበት «ሰው ለሰው» ለዓመታት ታይቶ በ2006 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ስለዚህ «ሣጥኑን ዝጉት» የሚሉ ካህናትም ነገሩን ስተውታል፤ በደሉ ከሣጥኑ አይደለም።

በደሉ ይህ ነው። ልጅ ከእናቱ ጋራ ተቀምጦ ወንድም ወንድሙን ሲክድ፥ ርስት በሐሰት ሲነጠቅ ያያል፤ ፍርዱ ሊሰማ ሲል መስኮቱ ይጨልማል። ዳኛ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ፍርዱን ለገበያ ቢያዘገይ ሕዝቡ ምን ይለዋል? ደራሲዎች እንግዲህ የመጨረሻውን ክፍል ሳይጽፉ የመጀመሪያውን አይቅረጹ። ማስታወቂያ ሰጪውም «አንድ ምዕራፍ ጨምሩልኝ» ቢል፥ ሌላ ታሪክ ይጀምሩለት።