የትርጉም ማሽኑ ሚዛን አያውቅም

ቡለን ላይ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ የውጭውን ዋጋ ሲሰማ የኖረው ከሰው አፍ ነው። ደላላው ይነግረዋል፤ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ይነግረዋል፤ ላኪው በስልክ ይነግረዋል። ችግሩ ነጋሪዎቹ ራሳቸው በዋጋው ውስጥ ድርሻ ያላቸው መሆኑ ነው። «ቻይና ቀዝቅዛለች» የሚለው ወሬ እውነት ይሁን ወይም ዋጋ ለመስበር የተነዛ፣ መተከል ላይ ተቀምጦ ማጣራት አይቻልም ነበር።

አሁን ይቻላል። በኮምፒዩተሩ ብሮውዘር ላይ የሚገጠም፣ ኤክስቴንሽን የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም የቻይንኛውን ገጽ በቅጽበት ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይለውጣል። በእጅ ስልክም ቢሆን ክሮምን የመሰሉ ብሮውዘሮች ተርጓሚው ከውስጣቸው አላቸው። ጉግል በትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ኦሮምኛና ትግርኛ በ2022 ተከትለዋል። ክፍያ አይጠየቅበትም።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋነኛ ገዢ ቻይና ናት። ሱዳን፣ ኒጀር፣ ታንዛኒያና ሞዛምቢክም ሰሊጣቸውን እዚያው ገበያ ያቀርባሉ። የእነርሱ ምርት ቺንግዳዎ ወደብ ላይ ሲከማች የእኛ ላኪ የመደራደር አቅም ይዳከማል። ክምችቱን በቻይንኛ ያነበበ ነጋዴ ሹፌሩ እስኪመለስ አይጠብቅም።

ቀደም ባሉት ዓመታት ይህን ማወቅ ለውስጥ ገበያው ያን ያህል አይጠቅምም ነበር። ብዙ ላኪዎች ሰሊጡን በኪሳራ ሸጠው፣ ኪሳራውን ባገኙት ዶላር በሚያስመጡት ዕቃ ያካክሱ ስለነበር የአገር ውስጡ ዋጋ ከዓለሙ ዋጋ ተለያይቶ ኖሯል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ግን ያ ስሌት ተዳክሟል። የውጭው ዋጋ ዛሬ የቡለንን ገበያ ከቀድሞው ይበልጥ ይነካል።

ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። ቻይናውያን የእህል ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በ«ጂን» ነው። አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። ተርጓሚው ግን ቃሉን አንዴ «ካቲ»፣ አንዴ «ፓውንድ»፣ አንዳንዴም «ኪሎ» ሊለው ይችላል። ለምሳሌ ያህል ዋጋው በጂን 7 ዩዋን ነው ቢባል፣ ትክክለኛው ሂሳብ በኪሎ 14፣ በቶን 14,000 ዩዋን ይሆናል። «ኪሎ» ብሎ ያነበበ ነጋዴ 7,000 ብቻ ያሰላል፤ ገበያው የወደቀ መስሎት እህሉን በርካሽ ይለቃል። «ፓውንድ» ብሎ ያነበበው ደግሞ ከ15,400 በላይ አስልቶ፣ በውድ ገዝቶ ይከስራል። የክምችት መጠንም እንዲሁ ነው። ቻይናውያን ትልቅ ቁጥር የሚቆጥሩት በ«ዋን»፣ ማለትም በአሥር ሺህ ነው። አንድ ዜሮ ሲወድቅ ወይም ሲጨመር ወደቡ ባዶ ወይም ሞልቶ የፈሰሰ ይመስላል።

ማሽኑን ብቻ መውቀስ አይገባም። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ያልተረዳ የውጭ ሰውም ሂሳቡ ይሳሳትበታል። ማሽኑ ቃል እንጂ ንግድ አይተረጉምም። ዋጋው ወደብ ላይ ያለ ይሁን የጅምላ መደብር፣ ታክስ ያለበት ይሁን የሌለበት፣ የዘንድሮ ምርት ይሁን የከረመ የሚለየው ነጋዴው ራሱ ነው።

ሌላም አለ። ኤክስቴንሽኑ ሲገጠም በብሮውዘሩ የሚከፈተውን ገጽ ሁሉ ለማንበብ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኖርዌይ ብሔራዊ ብሮድካስት ድርጅት እንደዘገበው፣ ሠራተኞች በአንድ የነፃ ትርጉም ድረ ገጽ ያስተረጎሟቸው የሥራ ስንብት ደብዳቤዎችና ውሎች ማንም ሰው ጉግል ላይ ፈልጎ ሊያገኛቸው ተችሏል። የባንክ ገጽ ሲከፈት ኤክስቴንሽኑ መዘጋት፣ የሽያጭ ውልም በሰው መተርጎም አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዋናው ጥያቄ ግን የገበሬው ነው። በቡለን ከአማርኛ ጎን ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ይነገራሉ፤ ሁለቱንም የጉግል ተርጓሚ አያውቃቸውም። ትናንት ላኪው ያውቅ ነበር፣ ነጋዴው አያውቅም። ዛሬ ነጋዴው ሊያውቅ ነው፤ ገበሬው አሁንም አያውቅም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በወረዳው በኩጂ ቀበሌ ከደረሰው ጭፍጨፋና ከመፈናቀሉ በኋላ ኑሮውን ከባዶ ለጀመረ ቤተሰብ፣ በኪሎ ጥቂት ብር ማጣት የዘር መግዣ ማጣት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት መድቦ፣ የተተረጎመውን ዋጋ ከሁለት ምንጭ አመሳክሮ፣ ወደ ኪሎና ወደ ብር ለውጦ በየገበያው ቀን በሰሌዳ ላይ ቢጽፍና በአካባቢው ቋንቋዎች ቢያስነግር ይበቃል። ነጋዴውም ቢሆን ሰሌዳውን መፍራት የለበትም። ዋጋውን የሚያውቅ ገበሬ «ሊጨምር ይሆናል» ብሎ እህሉን አያከርምም፤ ለገበያ ያወጣዋል።

ተርጓሚው ገበያው ወዴት እንደሚሄድ ይጠቁም። ዋጋ የሚቆረጠው ግን ሚዛኑ፣ ገንዘቡና ቦታው ከተጣራ በኋላ ይሁን።