ምጣድም ይሟሻል፣ ፍሬንም ይሟሻል

ባለፈው ወር ስለ በርበሬ ስንጨዋወት "በሚቀጥለው ስለ ምስር እጽፋለሁ" ብያችሁ ነበር። ምስሩ ይቆየን። በዚህ ወር የምጽፍላችሁ ስለ መኪና የፍሬን ሸራ ነው። "የምግብ ቤት ሴትዮ ስለ ፍሬን ምን ታውቃለች?" እንደምትሉ አውቃለሁ። መኪና የሚወድ ልጅ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ እኔው ጋ ሳህን እያጠበ፣ እንግዳ እያስተናገደ ባጠራቀማት ገንዘብ ያገለገለች ሆንዳ ሲቪክ ገዛ። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሃይዌይ ላይ እንደሚሽቀዳደም እስክሰማ ድረስ ነው። ቁልፉን ቀማሁት። ጮህኩ፣ አለቀስኩ። ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን።

ያን ሰሞን ምሳ ሊበላ የሚመጣ አንድ የአገራችን ልጅ መካኒክ፣ "እትዬ፣ ቁልፉን ቢቀሙት የጓደኛውን መኪና ይነዳል። ይልቅ ትራክ ይውሰዱት" አለኝ። ትራክ ማለት ለመኪና ተብሎ የተሠራ መሮጫ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ እግረኛ የለም፣ ለጀማሪ አስተማሪ አጠገቡ ይቀመጥለታል። ዋሽንግተን አካባቢ ላለነው ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ይቀርበናል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ኑርቡርግሪንግን ታውቁታላችሁ፤ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የድሮው መሮጫ ከፍሎ ለሚገባ ሰው ክፍት የሚሆንባቸው ቀኖች አሉ። ከልጄ ጋር ተስማማን፦ ፍጥነት ትራክ ላይ ብቻ። መንገድ ላይ ሮጥክ ሲባል አንድ ቀን ከሰማሁ መኪናዋ ትሸጣለች።

የመጀመሪያውን ቀን በሶዬን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሸራ ሊቀይር አንድ ሱቅ ገብቶ፣ ሻጩ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ብሎ ተራውን የመንገድ ሸራ ሸጦለታል። ሦስተኛ ጊዜ ሲገባ፣ አንድ አሥር ደቂቃ እንደነዳ ኩርባው ጋ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። መኪናዋ አልቆም ብላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ሣሩ ሰፊ ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጎማዎቹ ጋ ይጨሳል። ሽታውን ወዲያው አወቅኩት። ልጅ ሆኜ በአውቶቡስ ከጎሃ ፅዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ የሸተተኝ ሽታ ነው። ያኔ ሾፌሩ አቆመ፣ ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ፣ ሁላችንም ወርደን እስኪበርድ ጠበቅን።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ኮሌጅ ከማቋረጤ በፊት ከተማርኩት ፊዚክስ አንዷ አልጠፋችኝም፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ሲቆም ከሚያወጣው ሙቀት፣ 60 የሚሄደው አራት እጥፍ፣ 120 የሚሄደው 16 እጥፍ ያወጣል። ትራክ ላይ ደግሞ በየኩርባው ይደጋገማል፤ ለመብረድ ፋታ የለም።

መካኒኩ ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው አለን። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የደከመው ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ከነካ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቻል አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 155 ብቻ ነው። የልጄ መኪና ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሸራ ከመምረጣችሁ በፊት ዘይቱን አስቀይሩ።

አሁን ወደ ሸራው። እኔ በማውቀው፣ በኩሽናው ላስረዳችሁ። የመንገድ ሸራ እንደማያጣብቅ መጥበሻ ነው። ወዲያው ይሠራል፣ ድምፅ የለውም፣ እሳት ሲበዛበት ግን ይቃጠላል። ብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሲደርሱ መዳከም ይጀምራሉ። የትራክ ሸራ ደግሞ ምጣድ ነው። 600 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይችላል፤ ሳይግል ግን እንጀራ አያወጣም።

ልጄ "በቃ የትራኩን እገዛለሁ" አለ። መካኒኩ፣ "ሰኞ ጠዋት በብርዱ እህትህን ትምህርት ቤት ስታደርስ በምን ልትቆም ነው?" አለው። ልጄ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። የትራክ ሸራ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይዝም፤ መንገድ ላይ ሕፃን ቢገባባችሁ እስኪግል አይጠብቃችሁም። በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይበላል፣ አቧራው ቸርኬውን ያበላሻል።

ለሁለቱም የሚሆን መሐል ሰፋሪ አለ። ሃውክ ኤችፒ ፕላስ፣ ኢቢሲ የሎውስታፍ፣ ፌሮዶ ዲኤስ2500 የመሳሰሉት ለዚህ ተብለው የሚሸጡ ናቸው። ከተራው ሸራ የበለጠ ሙቀት ይችላሉ፣ በብርድም ይይዛሉ። ግን እንደ መንገዱ ሸራ ዝምተኛ አይደሉም፣ እንደ ትራኩም አይበረቱም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚሄድ ጀማሪ ይበቃሉ። በየወሩ የሚሄድ ሰው ግን ሁለት ዓይነት ሸራ ይኑረው፣ ቢቻል ከነዲስኩ፤ ለትራክ ሲሄድ ይቀይር።

ስትገዙ የሸራውን ጎን እዩ። አሜሪካ ውስጥ ኤፍኤፍ ወይም ጂጂ የመሰሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታትመው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን አያያዝ ያሳያል። ጂ ከኤፍ፣ ኤፍ ከኢ ይበልጣል። ሁለተኛው ካነሰ ሸራው ሲግል ይደክማል ማለት ነው። ፈተናው የትራክን ሙቀት ያህል ስለማይደርስ አምራቹ የጻፈውን የሙቀት መጠንም አንብቡ። አውሮፓ ያላችሁ አር90 የሚባለው ማረጋገጫ መኖሩን እዩ፤ እሱ የሌለው ሸራ ለመንገድ ላይፈቀድ ይችላል።

አዲስ ሸራ እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሻል። እናቴ ምጣዷን በጎመን ዘር ደጋግማ እያሸች ነበር የምታሟሸው። ሸራም ሲሟሽ ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን ይቀባል። ጭር ባለ፣ ፍጥነቱ በሚፈቀድበት መንገድ፣ ከ60 ማይል ወደ 10 ማይል ስምንት አሥር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፤ ጨርሳችሁ ግን አትቁሙ። ከዚያ ፍሬን ብዙ ሳትነኩ እየነዳችሁ አብርዱት። አምራቹ ሌላ መመሪያ ከጻፈ የሱን ተከተሉ።

ትራክ ላይም የመጨረሻውን ዙር ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ፍሬኑ ይብረድ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ጎማው ሥር ማስደገፊያ አድርጉ፣ ልክ እንደ ዓባይ በረሃው ረዳት። ሸራው ከግማሽ በታች ካለቀ ትራክ አትግቡ። ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ትራክ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም።

ባለፈው ወር ተመልሰን ሄድን፤ አዲስ ዘይት፣ የተሟሸ ሸራ። እስከ ማታ ነዳ፤ ያ ሽታ አልመጣም። ስንመለስ ሃይዌዩ ላይ አንዱ እየበረረ አለፈን። ልጄ መስመሩን ሳይለቅ፣ "እማዬ፣ ይሄ ልጅ ፍሬኑ ሲያልቅበት ሣር የለውም" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ቁልፉን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብቄ አላውቅም።

በሚቀጥለው ወር ምስሩን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ።