ብርሃንን የቆጠበ ሰው

ስለ ፊልም ስናወጋ ተዋናዩን እናደንቃለን፤ ጠለቅ ብለን ካየን ደግሞ የዳይሬክተሩን ስም እንጠራለን። ያ ፊት በምን ብርሃን እንደታየን፣ ጥላው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። በእኔ እምነት ብርሃኑን የሚያሰናዳው የካሜራ ባለሙያ፣ ቃል ከሚመርጠው ገጣሚ የማይተናነስ ደራሲ ነው። ምስክሬ ጄምስ ዎንግ ሃው ነው።

ሃው እ.ኤ.አ. በ1899 በደቡብ ቻይና ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሆሊውድ ከጀመራቸው ዝቅተኛ ሥራዎች አንዱ፣ በሲሲል ቢ. ዴሚል ዘንድ የትዕይንቱ ቁጥር የሚጻፍበትን ሰሌዳ መያዝ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮከብ የነበረችውን ሜሪ ማይልስ ሚንተርን ፎቶግራፍ አነሳት። የዚያ ዘመን ፊልም ሰማያዊ ዓይንን አንጥቶ ባዶ ያስመስለው ነበር፤ በእሱ ፎቶግራፍ ላይ ግን ዓይኖቿ ጠቆር ብለው፣ ሕይወት ዘርተው ታዩ። ምስጢሩ ጥቁር ከፋይ ነበር፤ የጨርቁ ጥቁረት በዓይኖቿ ውስጥ ተንጸባርቋል። ዓይኗ እንዲታይ ያደረገው ብርሃን ሳይሆን ጨለማ ነው።

ከዚያ በኋላ ከ130 በላይ ፊልሞችን ቀረጸ። በ1947 ለ«ቦዲ ኤንድ ሶል» ጎማ ያለው ጫማ ተጫምቶ፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ፣ በቦክሰኞቹ መካከል ተንሸራተተ። በ1963 በ«ሃድ» የቴክሳስን ሰማይ ጭልጥ ያለ ባዶ አድርጎ አሳየን፤ የሰዎቹ ልብ ባዶነት ያለ አንዳች ቃል ተነገረ። ለዚህ ሥራውና ለ1955ቱ «ዘ ሮዝ ታቱ» ሁለት ኦስካር ተሸልሟል።

አሜሪካ ራሷን በዚህ ሰው ዓይን ስታይ፣ ሕጓ ግን እሱን ለማየት አልፈቀደም። ቻይናውያንን ያገለለው የ1882 ሕግ እስከተሻረበት እስከ 1943 ድረስ ዜግነት ተነፍጎ ኖረ። ከደራሲዋ ሳኖራ ባብ ጋር በ1937 ፓሪስ ላይ ቢጋቡም፣ ካሊፎርኒያ የዘር ቅልቅል ጋብቻን መከልከሏን እስካቆመችበት እስከ 1948 ትዳራቸው በአገሩ ሕግ ዘንድ ትዳር አልነበረም።

«ጥበብን የሚወልድ መከራ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከፋዩን ያገኘው ግፍ አይደለም፤ እያስተዋለ የሚሠራ እጅ ነው። ሕጉ ከሃው የቀማውን አውቃለሁ፤ የሰጠውን ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ስደተኛን ስናወድስ እንባውን ከሙያው ማስቀደም ሌላ ዓይነት ግፍ ይመስለኛል፤ ሰውየውን ዳግመኛ ከሥራው መለየት ነውና።

እኛ ግጥም ወዳዶችም ከሃው የምንማረው ይኸው ነው፦ ሁሉን ማብራት ማሳየት አይደለም። የት ላይ ማጨለም እንዳለበት የሚያውቅ እርሱ ያሳያል።