የሠርክ ሰማይና ውሃ በአንድ ፎቶግራፍ

በሐይቅ ዳር ቆሞ የፀሐይን መጥለቅ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቅሬታ አለው፤ ይኸውም ዐይኑ ያየውና ካሜራው ያስቀረለት አለመገናኘታቸው ነው። ሰማዩ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ደመናውም አብርቶ በሚገባ ቢወጣለት፣ ውሃውና በዳሩ የቆሙት ቤተ ሰቦቹ ጥቁር ጥላ ሆነው ይቀራሉ። የእናቱ ፊት ይታይ ብሎ ብርሃኑን ቢጨምር ደግሞ፣ ያ ሁሉ የሰማይ ቀለም ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ልጆች ያሏችሁ አንባብያን ይህን ቅሬታ ሳትሰሙት አልቀራችሁም፤ ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ መፍትሔው ጥቂት ልንነግራችሁ ወደድን።

ጥፋቱ የአንሺው እጅ አይደለም፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው እንጂ። ዐይናችን ወደ ብሩሁ ሲያማትር ብሌኑን ያጠብባል፤ ወደ ጨለማው ሲመለስ ያሰፋል፤ አእምሯችንም የየቦታውን ምስል አጋጥሞ አንድ ትርኢት ያደርግልናል። ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ ለሰማዩም ለምድሩም የሚሰጠው አንድ መጠን ብቻ ነው። ፀሐይ በምትጠልቅበት አጠገብ ያለው ሰማይ ደግሞ በጥላ ካለው የሐይቅ ዳር ብዙ መቶ እጥፍ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ የተመጠነው ለሌላው አይሆንም።

ይህን ችግር በብልሃት ካሸነፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጉስታቭ ለግሬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ለግሬ በመጀመሪያ የተማረው የሠዓሊነትን ሙያ ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ በተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ያ ሰሌዳ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስስ ስለ ነበረ፣ ባሕሩ በሚገባ እስኪወጣ ድረስ ሰማዩ ከመጠን በላይ በርቶ ደመናው ይጠፋ ነበር። ለግሬም አንዱን ሰሌዳ ለባሕሩ፣ ሌላውን ለሰማዩ መጥኖ አነሣ። በሚያትምበት ጊዜ የወረቀቱን የላይኛውን ክፍል ሸፍኖ ባሕሩን፣ ቀጥሎም ባሕሩን ሸፍኖ ሰማዩን በማተም ሁለቱን በአድማሱ መሥመር ላይ አገናኛቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በሜዲቴራንያን ዳርቻ ያነሣው «ታላቁ ማዕበል» የተባለው ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ለግሬ የወደደውን አንድ ሰማይ ወስዶ በተለያዩ ባሕሮች ላይ አትሞታል። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ መስተዋትና ኮሎዲዮን አያስፈልግም። ለምሳሌ ሐዋሳን እንውሰድ፤ ከተማዋ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ስለ ሆነች ፀሐይ ከውሃው ማዶ ትጠልቃለች፤ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይጽና፤ መቆሚያ የሌለው በድንጋይ ወይም በግንብ ላይ ያሳርፈው። ከዚያ በኋላ የመነጽሩ ቀዳዳ ስፋት ሳይለወጥ፣ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ብቻ እየተለዋወጠ ሦስት ፎቶግራፍ ይነሣል። መካከለኛው የሰከንድ 1/60 ቢሆን፣ ለሰማዩ 1/250፣ ለጥላው 1/15 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ከሚቀጥለው በአራት እጥፍ ያህል ይለያል ማለት ነው። መሸት በማለቱ ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው። በኛ አገር ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለ ሆነ ወጋገኑ ፈጥኖ ያልፋል፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ጥሩ ብርሃን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቢቆይ ነው። በአውሮፓ ሰሜን እንዳለው ሰው ሻይ እየጠጡ መጠበቅ አይቻልም። ብዙዎች ፀሐይዋ እንደ ጠለቀች ዕቃቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ፤ የደመናው ሆድ የሚቀላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች በካሜራ መነጽር አሾልቀው ፀሐይን በቀጥታ እንዳይመለከቱ ወላጆች ይጠንቀቁ፤ ዐይን ይጎዳልና።

ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር ማጋጠሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውሃ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ሦስቱን በጅምላ ቢያደራርቧቸው ሞገዱ ይደበዝዛል፤ አንዲቱም ታንኳ ሁለት ሆና ትታያለች። ስለዚህ ውሃውንና ታንኳውን ከአንዱ ብቻ፣ ሰማዩን ከሌላው መውሰድ ይሻላል። በዳሩ የሚቆሙ ሰዎችም እስኪያበቃ ድረስ ባይነቃነቁ መልካም ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ በጸጥተኛ ውሃ ላይ የሚታየው የሰማይ ጥላ ከራሱ ከሰማዩ የበለጠ ሊበራ አይችልም። ውሃው ከሰማዩ አብልጦ የሚያበራበት ፎቶግራፍ ባየን ጊዜ፣ ምክንያቱን መናገር የማይችል ሕፃን እንኳ አንድ ነገር እንደ ጎደለው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ለግሬ ሰማይ እንመለስ። በውጭ አገር የሚኖር ልጅ ከቤት የተላከለትን ፎቶግራፍ አይቶ «በእውነት ሰማዩ እንዲህ ነበረን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ምን ሊሆን ነው? በአንድ ቦታና በአንድ ደቂቃ የተነሡትን ማጋጠም ዐይን ያየውን መመለስ ስለ ሆነ፣ ያለ ኀፍረት «አዎን» ሊባል ይችላል። የሌላ ቀን ደመና አምጥቶ በአባት ራስ ላይ መዘርጋት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለግሬ ለኪነ ጥበብ ይሠራ ነበርና አንፈርድበትም፤ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ግን ምስክር ነው፤ የዚያን ዕለት ሰማይ ግራጫ ከነበረ ግራጫውን ብንወድ ይሻለናል። «እኔስ ምንም አልነካካሁትም» እያሉ የሚመኩም አሉ፤ የዛሬዎቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ግን አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ሲነኩ ራሳቸው በፍጥነት ብዙ አንሥተው የሚያጋጥሙ ስለ ሆኑ፣ ያ ትምክሕት ብዙም አያስኬድም።

የተጋጠመው ካለቀ በኋላ መነሻ የሆኑት ሦስቱ አይጥፉ፤ በአንድ ላይ ይቀመጡ። ታትሞ ወደ አልበም የሚገባው ደግሞ፣ ቀለም ወደ ፊት ስለሚሰርግ፣ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው፣ ከሥሩም «ከሦስት የተጋጠመ» ተብሎ ቢጻፍበት ይበቃል።