የመምህሩ ወንበርና የምክር ቤቱ ወንበር

በአብነት ትምህርት ቤታችን «ወንበር ዘረጋ» የሚባለው ጉባኤ ተክሎ ለሚያስተምር መምህር ነው። በመንግሥት ሥራ ደግሞ ወንበር ማለት ሕዝብ እንደራሴውን መርጦ የሚያስቀምጥበት ስፍራ ነው። በሁለቱም ወንበር ተቀምጠው ካገለገሉት ጥቂቶች መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን በዚህ ወር እናስታውሳለን።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከጣናችን በስተ ሰሜን ባለችው በጎንደር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሾሙ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ከማጀት አትውጣ በሚባልበት ጊዜ ልጃቸውን እስከ አውሮፓ ልከው አስተማሩ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰልፈው ቁስለኞችን አስታመሙ። ኋላም ተይዘው ከብዙ ወገኖቻቸው ጋራ አዚናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴት ተጋዙ።

ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ። ተማሪዎቻቸው በመድረክ የሚያሳዩትን ቲያትር ይጽፉ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ድርሰታቸውም በ1942 ዓ.ም. ታተመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ስለ ፈቀደ፣ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው በዚያ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ርእሰ መምህር የሆነ ሰው ሕግ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚያጎድል በተማሪዎቹ ስም መዝገብ ላይ ያየዋል። እርሳቸው በምክር ቤት ሳሉ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ወንዱን 18፣ ሴቲቱን 15 ዓመት እንዲሞላቸው አዘዘ። ለሴቲቱም 18 የሆነው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የአማራ ክልል ምክር ቤትም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጸና።

ሕጉ እንግዲህ አለ። ነገር ግን በጣና ዳርቻ የምናስተምር ሁሉ የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ጥር ወጥቶ፣ የሠርጉ ድግስ አልቆ፣ የተማሪውን ስም ስንጠራ «አቤት» የማትል ልጅ ትገኛለች። ጓደኞቿ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ መምህሩም ሳይነገረው ይረዳል።

በእኛ በቤተ ክርስቲያን ልጆች ዘንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይቀርባል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊል ማግባት አለበት፤ ሙሽራይቱም ድንግል ልትሆን ይገባታል። ይህን ሥርዓት ሰበብ አድርገው ገና ጡት ያላጎጠጎጠች ሕፃን የሚድሩ አሉ። ሥርዓቱ የጠየቀው ግን ንጽሕናን ነው፤ ሕፃንነትን አልጠየቀም። ንጽሕና ደግሞ በቤት አስተዳደግና በፈሪሃ እግዚአብሔር ይጠበቃል እንጂ ልጅን ከትምህርት ቤት በማስቀረት አይጠበቅም።

ስለዚህ፣ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ሽማግሌ ደጃችሁን በመታ ጊዜ የልጃችሁን ዕድሜ በቁመቷ አትለኩ፤ ክርስትና የተነሣችበትን ዓመት ቁጠሩ። የንስሓ አባቶችም ከድግሱ በፊት ይህንኑ ጠይቁ። ምክር ቤት ሕጉን ይደነግጋል፤ የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው ግን በእናንተ እልፍኝ ነው። ከንቲባ ገብሩ ልጃቸውን ባያስተምሩ ኖሮ አገር አንዲት ርእሰ መምህርትና አንዲት እንደራሴ ባጣች ነበር። በዛሬይቱ ልጃችሁ ውስጥ እግዚአብሔር ያኖረውን መክሊት ማን ያውቀዋል? በጥር ድግስ አትቅበሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።